ወደ መረጃ ግምጃ ቤት በትእዛዝ መስመር ስለ መግባት

ማናቸውም ነጋዴ የዕለት ሽያጩን የሚጽፍበት መዝገብና የዓመቱን ትርፍና ኪሳራ የሚመረምርበት መዝገብ አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። የመጀመሪያው ከባንኮኒው አጠገብ የሚቀመጥ፥ ገዢ በመጣ ቁጥር አንድ መስመር የሚጨመርበት ነው። ሁለተኛው ግን በሒሳብ ሹሙ እጅ የሚገኝ፥ የብዙ ወራትና የብዙ ቅርንጫፎች ሒሳብ በአንድነት ተሰብስቦ የሚነበብበት ነው። ሒሳብ ሹሙ የዓመቱን ድምር ለማውጣት ሲል የባንኮኒውን መዝገብ ቀኑን ሙሉ ይዞ ቢቀመጥ ሽያጩ ይቆማል። በዛሬው ዘመን መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ቢዛወርም ይኸው ችግር አልተለወጠም፤ መፍትሔውም ሁለተኛውን መዝገብ ለብቻው ማቋቋም ሆኗል። ይህ ለብቻው የተቋቋመው መዝገብ በእንግሊዝኛ አጠራሩ ዳታ ዌርሃውስ ይባላል፤ ትርጓሜውም የመረጃ ግምጃ ቤት ማለት ነው።

የንግድ ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ግምጃ ቤት ከሌላ ኩባንያ በኪራይ ማግኘት ከጀመሩ ወዲህ፥ ወደ ውስጡ የሚገባበትን መንገድ ማወቅ የባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የመግቢያው ቁልፍ በማን እጅ እንዳለና በሩ ተከፍቶ ሲያድር ስንት እንደሚያስከፍል ማወቅ የባለንብረቱም የሥራ አስኪያጁም ኃላፊነት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ግምጃ ቤቱ አሠራር፥ ስለ መግቢያው ትእዛዝ፥ ስለ ወጪውና ስለ ጥበቃው በቅደም ተከተል ይገለጻል። የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ከኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የግምጃ ቤቱ አመሠራረት

የአይ-ቢ-ኤም ኩባንያ ባልደረቦች የነበሩት ሚስተር ባሪ ዴቭሊንና ሚስተር ፖል መርፊ በ1988 ዓ.ም. በኩባንያው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፥ የአንድ ድርጅት ልዩ ልዩ መዝገቦች ለምርመራ በሚያመች አኳኋን በአንድ ቦታ የሚሰበሰቡበትን ሥርዓት ገልጸዋል። ከዚያም በ1992 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሚስተር ቢል ኢንሞን ስለ ግምጃ ቤቱ አሠራር መጽሐፍ አሳተሙ። በእርሳቸው አገላለጽ የመረጃ ግምጃ ቤት አራት ጠባዮች አሉት። ይኸውም መረጃው በጉዳይ በጉዳዩ የተደራጀ፥ ከልዩ ልዩ ምንጮች መጥቶ በአንድ ቋንቋና በአንድ መለኪያ የተስተካከለ፥ የጊዜን ሂደት የሚያሳይ፥ አንድ ጊዜ ከገባም በኋላ እንደ ዕለት መዝገብ የማይሰረዝና የማይደለዝ መሆኑ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንዱ ቅርንጫፍ ቡናን በፈረሱላ፥ ሌላው በኩንታል፥ ሦስተኛው በኪሎ የሚመዘግብ ቢሆን፥ ሦስቱን እንዳሉ ደምሮ እውነተኛ ሒሳብ ማውጣት አይቻልም። መረጃው ወደ ግምጃ ቤት ከመግባቱ በፊት ወይም እንደ ገባ ወደ አንድ መለኪያ ይለወጣል። የግምጃ ቤቱ ዋና ጥቅም ብዙ መያዙ ብቻ ሳይሆን፥ የያዘው ነገር እርስ በርሱ ሊነጻጸር የሚችል መሆኑ ነው።

በዛሬው ጊዜ እንዲህ ያለውን አገልግሎት ከሚያከራዩት ኩባንያዎች አንዱ ስኖውፍሌክ ነው። ኩባንያውን በ2012 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የመሠረቱት ቤንዋ ዳዥቪል፥ ቲየሪ ክሩአንና ማርሲን ዡኮቭስኪ ናቸው። የአሠራሩ ልዩ ጠባይ መረጃው የሚቀመጥበትን ቦታና ሒሳቡን የሚሠራውን ኃይል መለያየቱ ነው። መረጃው በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ይኖራል፤ ጥያቄ በቀረበ ጊዜ ደግሞ ለብቻቸው የሚነሡና የሚቆሙ ኮምፒዩተሮች ተነሥተው ጥያቄውን ይሠራሉ።

በዚህ ላይ ስያሜው አንባቢን እንዳያሳስት መጠንቀቅ ይገባል። ኩባንያው ዌርሃውስ ብሎ የሚጠራው መረጃው የሚቀመጥበትን ቦታ ሳይሆን ሥራውን የሚሠራውን የኮምፒዩተር ኃይል ነው። በአገራችን ምሳሌ ብንገልጸው፥ መጋዘኑን ሳይሆን በቀን ሒሳብ የሚቀጠሩትን ጫኝና አውራጆች እንደ ማለት ነው። ይህ ልዩነት ስለ ወጪ በሚነገርበት ክፍል ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል። ከዚህ በኋላ ይህን ክፍል «የሥራ ኃይል» እያልን እንጠራዋለን።

የትእዛዝ መስመር ምንድን ነው?

ወደ ግምጃ ቤቱ ለመግባት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በኢንተርኔት መመልከቻ ገጽ ከፍቶ በመዳፊት እየነኩ መሥራት ነው። ሁለተኛው በኮምፒዩተሩ ላይ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም አስገብቶ፥ ትእዛዙን በፊደል እየጻፉ መላክና መልሱንም በጽሑፍ መቀበል ነው። ይህ ሁለተኛው መንገድ የትእዛዝ መስመር ይባላል። ስኖውፍሌክ ለዚህ ሥራ ያዘጋጀው ፕሮግራም ስኖው-ኤስ-ኪው-ኤል የሚባል ሲሆን፥ በዊንዶውስ፥ በማክና በሊነክስ ኮምፒዩተሮች ላይ ይሠራል። ከእርሱ በኋላ ስኖውፍሌክ ሲ-ኤል-አይ የተባለ ሌላ ፕሮግራምም ወጥቷል። የትእዛዞቹ አጻጻፍ ቢለያይም የመግቢያው መሠረተ ሐሳብ በሁለቱም አንድ ነው።

ገጹ በዓይን የሚያምር ሆኖ ሳለ በጽሑፍ መሥራት ለምን ተመረጠ የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ሥራው የሚደጋገም መሆኑ ነው። የአሥር ቅርንጫፎች ሽያጭ በየማታው የሚላክ ከሆነ፥ አንድ ሠራተኛ በየማታው እየተቀመጠ አሥር ጊዜ መዳፊት እንዲነካ ማድረግ ድካምም ስሕተትም ያመጣል። ትእዛዞቹ በአንድ ፋይል ተጽፈው ከተቀመጡ ግን ኮምፒዩተሩ ራሱ በተወሰነው ሰዓት ያንኑ ሥራ በተመሳሳይ አኳኋን ይፈጽመዋል። ከዚህም ሌላ የተጻፈው ትእዛዝ ስለሚቀመጥ፥ ኦዲተር በመጣ ጊዜ ምን እንደ ተሠራ አንብቦ ሊረዳ ይችላል።

ሌላም ጥቅም አለው። የድምር ሥራው የሚከናወነው በግምጃ ቤቱ ስለ ሆነ፥ ሚሊዮን መስመር ያለው መዝገብ ቢመረመርም በስልክ መስመሩ ላይ የሚያልፈው አጭሩ ጥያቄና የመልሱ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ኢንተርኔቱ ዝግ በሚልበት ቦታ ለሚሠራ ድርጅት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

የመግቢያው ሥርዓት

ፕሮግራሙ ከግምጃ ቤቱ ጋር ለመገናኘት በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን ይጠይቃል፤ እነርሱም የሒሳቡ መለያ ስምና የተጠቃሚው ስም ናቸው። የሒሳቡ መለያ የድርጅቱ ስምና የሒሳቡ ስም በአጭር ሰረዝ ተያይዘው የሚጻፉበት ነው። በትእዛዙ ላይ የፕሮግራሙ ስም ከተጻፈ በኋላ ሰረዝና «ኤ» የተባለው የላቲን ፊደል ይቀድምና የሒሳቡ መለያ ይከተላል፤ ሰረዝና «ዩ» ይጻፍና የተጠቃሚው ስም ይከተላል። ከዚያም ፕሮግራሙ የይለፍ ቃሉን ይጠይቃል።

የይለፍ ቃሉን ከትእዛዙ ጋር በአንድ መስመር መጻፍ አይፈቀድም። ምክንያቱም ኮምፒዩተሩ የተጻፉትን ትእዛዞች በዝርዝር ይዞ ስለሚያስቀምጥ፥ ከኋላ የሚመጣ ሰው የትናንቱን መስመር አንብቦ ቁልፉን ሊያገኝ ይችላል። የግንኙነቱን ዝርዝር ሁሉ በአንድ የማሰናጃ ፋይል ጽፎ ማስቀመጥ ቢቻልም፥ በዚያ ፋይል ላይ የሚጻፈው የይለፍ ቃል ሳይሰወር በግልጽ ፊደል የሚቀመጥ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፋይሉን ከባለቤቱ በቀር ሌላ ሰው እንዳይከፍተው መዝጋት፥ ይልቁንም ጭራሽ የይለፍ ቃል አለመጻፍ ይሻላል።

ከእነዚህ በተጨማሪ አራት ነገሮች ሊወሰኑ ይገባል። እነርሱም የተጠቃሚው የሥራ ድርሻ፥ የሚነሣው የሥራ ኃይል፥ የሚከፈተው የመረጃ ቋትና በቋቱ ውስጥ ያለው ክፍል ናቸው። ፕሮግራሙ ከተገናኘ በኋላ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የተጠቃሚውን ስም፥ የሥራ ኃይሉን፥ የመረጃ ቋቱንና ክፍሉን አሰልፎ ያሳያል። ይህ መስመር በዕቃ ግምጃ ቤት ደጃፍ ላይ እንደሚለጠፍ ጽሑፍ ነው። ጠንቃቃ ሠራተኛ ማናቸውንም ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት ያነበዋል፤ የልምምዱን ቋት የከፈተ መስሎት በእውነተኛው ቋት ላይ መሰረዣ ትእዛዝ ከመስጠት የሚድነውም በዚህ ነው።

የሽያጭ ፋይል ማስገባት

የሥራው ቅደም ተከተል በምሳሌ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አንድ የጅምላ ነጋዴ ከቅርንጫፉ የወሩን ሽያጭ በፋይል ተቀብሏል እንበል። በመጀመሪያ «ፑት» በተባለው ትእዛዝ ፋይሉ ከነጋዴው ኮምፒዩተር ወደ ግምጃ ቤቱ መቀበያ ስፍራ ይላካል። ፕሮግራሙም ፋይሉን ከመላኩ በፊት በምስጢር ፊደል ይለውጠዋል፤ ካልተከለከለም በቀር አጭቆ ያሳንሰዋል። ሁለተኛ «ኮፒ ኢንቱ» በተባለው ትእዛዝ ከመቀበያው ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሽያጩ ሠንጠረዥ ይገባል። ይህም አሠራር ዕቃ መጀመሪያ በማራገፊያ ደጃፍ ላይ ወርዶ፥ ከተቆጠረ በኋላ ወደ መደርደሪያ እንደሚገባ ያለ ነው።

በዚህ ላይ ለነጋዴ የሚጠቅም አንድ ጥበቃ አለ። ግምጃ ቤቱ ወደ አንድ ሠንጠረዥ የገቡትን ፋይሎች ዝርዝር ለ64 ቀናት ይዞ ያቆያል። ሠራተኛው ረስቶ ያንኑ ፋይል እንደ ገና እንዲገባ ቢያዝ፥ ፋይሉ ያልተለወጠና በግድ ይግባ ተብሎ ያልታዘዘ እስከ ሆነ ድረስ፥ ግምጃ ቤቱ አልፎት ይሄዳል። በዚህም ምክንያት አንዱ ሽያጭ ሁለት ጊዜ ተቆጥሮ የሌለ ትርፍ ከመታየት ይድናል። ነገር ግን ያው ሽያጭ በሌላ የፋይል ስም ቢላክ ግምጃ ቤቱ እንደ አዲስ ፋይል ይቀበለዋል። ስለ ሆነም የፋይል ስም አወጣጥ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል፤ የቅርንጫፉ ስምና ቀኑ ያለበት ስም ቢሆን ይመረጣል።

መረጃው ከገባ በኋላ ጥያቄ የሚቀርበው ኤስ-ኪው-ኤል በተባለው ቋንቋ ነው። ይህ ቋንቋ መነሻው በ1974 ዓ.ም. የአይ-ቢ-ኤም ባልደረቦች ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ያቀረቡት ሲሆን፥ ዛሬም በአብዛኞቹ የመረጃ ግምጃ ቤቶች ይሠራበታል። የትኛው ቅርንጫፍ በየትኛው ወር የትኛውን ዕቃ ምን ያህል ሸጠ የሚለው ጥያቄ በጥቂት መስመሮች ይጻፋል።

ስለ ወጪ

የሥራ ኃይሉ ኪራይ የሚከፈለው «ክሬዲት» በተባለ መለኪያ ነው። በተለመደው ዓይነት አነስተኛው መጠን ለአንድ ሰዓት ሥራ 1 ክሬዲት ያስከፍላል። መጠኑ አንድ ደረጃ ባደገ ቁጥርም ዋጋው በእጥፍ እየጨመረ 2፥ 4፥ 8 እያለ ይሄዳል። ቆጠራው በሰከንድ ነው፤ ሆኖም የሥራ ኃይሉ በተነሣ ቁጥር ቢያንስ የ60 ሰከንድ ሒሳብ ይያዝበታል።

እንግዲህ በሰዓት 4 ክሬዲት የሚያስከፍል የሥራ ኃይል ለሩብ ሰዓት ቢሠራ ወጪው 1 ክሬዲት ነው። ያው ኃይል ከምሽቱ 2 ሰዓት ተነሥቶ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሳይቆም ቢያድር ግን 10 ሰዓት ስለሚሆን 40 ክሬዲት ይጠይቃል። ጥያቄ ቢቀርብለትም ባይቀርብለትም እስካልቆመ ድረስ ሒሳቡ ይቆጠራል። ብዙ ሰዎች ፕሮግራሙን ዘግተው ሲወጡ የሥራ ኃይሉም አብሮ የሚቆም ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚያቆመው ሥራ በጠፋ ጊዜ በራሱ እንዲቆም የሚወሰንለት የጊዜ ገደብ ነው። በትእዛዝ ለሚቋቋም የሥራ ኃይል ይህ ገደብ ሳይለወጥ ቢተው 600 ሰከንድ ነው፤ ለአጫጭር ሥራ ወደ 60 ሰከንድ ዝቅ ሊደረግ ይችላል።

ሁለተኛው የወጪ ምንጭ የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ሁለት ትልልቅ ሠንጠረዦች የሚገናኙበት ምልክት ሳይገለጽ ቢጣመሩ፥ የአንዱ መስመር ሁሉ ከሌላው መስመር ሁሉ ጋር ስለሚባዛ ሥራው ማለቂያ ያጣል። አንድ ጥያቄ ሳይቋረጥ ሊሠራ የሚችልበት ከፍተኛው ጊዜ፥ ድርጅቱ ራሱ ካልለወጠው በቀር፥ 172,800 ሰከንድ ነው፤ ይኸውም ሁለት ቀን ሙሉ ማለት ነው። በተጨማሪም የኢንተርኔቱ መስመር ወይም መብራቱ ድንገት ቢቋረጥ፥ የተጀመረው ጥያቄ በተለመደው አደረጃጀት በግምጃ ቤቱ ውስጥ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ለትክክለኛው ጥያቄ በጎ ነገር ነው፤ ለተሳሳተው ግን ኪሳራ ነው። መስመሩ ሲመለስ የቆየውን ጥያቄ ሁኔታ ሳይመለከቱ ያንኑ እንደ ገና ማዘዝ አይገባም።

ስለ ቁልፉ ጥበቃ

ከወጪ የሚበልጠው ጉዳይ የቁልፉ አያያዝ ነው። በ2024 ዓ.ም. የስኖውፍሌክ ደንበኞች በነበሩ በርካታ ድርጅቶች ላይ የመረጃ ስርቆት ደረሰ። ጉዳዩን የመረመረው ማንዲያንት የተባለው የጥበቃ ድርጅት በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ባወጣው መግለጫ፥ አደጋ ሊደርስባቸው ይችላል ተብሎ ማስጠንቀቂያ የተሰጣቸው ድርጅቶች ወደ 165 እንደሚሆኑ አስታውቋል። ሌቦቹ የግምጃ ቤቱን ግድግዳ አልሰበሩም፤ በደንበኞቹ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል በበሩ ገቡ እንጂ። ከገቡባቸውም መንገዶች አንዱ ይኸው ስኖው-ኤስ-ኪው-ኤል የተባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራም ነበር።

የይለፍ ቃሎቹ የተገኙት በሠራተኞችና በኮንትራት ሠራተኞች ኮምፒዩተሮች ላይ በስውር ከገቡ ክፉ ፕሮግራሞች ነው። ከእነዚህም ኮምፒዩተሮች አንዳንዶቹ ለግል ጨዋታና ያለ ፈቃድ የተቀዱ ፕሮግራሞችን ለማውረድ ያገለግሉ ነበር። ከተሰረቁት ቃሎች መካከል ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በሌቦች እጅ የቆዩ ሲኖሩ፥ ባለቤቶቹ ስላልለወጧቸው ከብዙ ጊዜ በኋላም በሩን ከፍተዋል። ምርመራው ሦስት ጉድለቶችን ዘርዝሯል፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ አለመኖሩ፥ የይለፍ ቃሉ አለመለወጡና ከየት ቦታ መግባት እንደሚቻል አለመወሰኑ ናቸው። ስኖውፍሌክም ከ2024 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጀምሮ በሚከፈቱ አዳዲስ ሒሳቦች፥ ሰዎች በይለፍ ቃል ሲገቡ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንዲሰጡ የሚል ሥርዓት አውጥቷል።

እንግዲህ መከላከያው ከእነዚሁ ጉድለቶች ይገኛል። ሰው ራሱ በሚገባበት ጊዜ ከይለፍ ቃሉ ሌላ በስልኩ ላይ የሚመጣ ማረጋገጫ ይኑረው። ኮምፒዩተሩ በሌሊት ብቻውን ለሚሠራው ሥራ ደግሞ በይለፍ ቃል ፈንታ ጥንድ ቁልፍ መጠቀም ይገባል። ጥንድ ቁልፍ ማለት አንደኛው ምስጢር ሆኖ በድርጅቱ ኮምፒዩተር የሚቀር፥ ሁለተኛው ግልጽ ሆኖ በግምጃ ቤቱ የሚመዘገብ፥ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ሁለት ቁልፎች ማለት ነው። ምስጢሩ ቁልፍ በመስመሩ ላይ ከቶ አይላክም። ለአንድ ተጠቃሚ ሁለት ግልጽ ቁልፎች ሊመዘገቡ ስለሚችሉ፥ ሥራው ሳይቋረጥ አሮጌውን በአዲስ መተካት ይቻላል። እንደዚሁም መግባት የሚቻለው ከድርጅቱ መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት አድራሻ ብቻ እንዲሆን መወሰን ይጠቅማል።

የሥራ ድርሻም በልክ ሊሰጥ ይገባል። ፋይል የሚያስገባው ሠራተኛ ማስገባት፥ ሪፖርት የሚያወጣው ማንበብ ብቻ ይፈቀድለት። የሁሉ የበላይ የሆነው የሒሳቡ አስተዳዳሪ ድርሻ ለዕለት ሥራ አይውልም፤ ከጥቂት ታማኝ ሰዎች በቀርም ለማንም አይሰጥም። ሠራተኛ ሥራውን በለቀቀ ቀን የቢሮውን ቁልፍ እንደሚያስረክብ ሁሉ፥ በግምጃ ቤቱ ያለው ስሙም በዚያው ቀን ሊዘጋ ይገባል።

በአገራችን በኩል ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱን ማስታወስ ተገቢ ነው። አዋጁ የሰዎችን የግል መረጃ ይዞ የሚሠራ ድርጅት ሊጠብቃቸው የሚገባቸውን ግዴታዎች፥ መረጃውን ከአገር ውጭ ስለ ማስተላለፍም ጭምር፥ ይደነግጋል። የደንበኞቹን ስምና የስልክ ቁጥር በውጭ አገር ባለ ግምጃ ቤት ለማኖር የሚያስብ ነጋዴ፥ የመጀመሪያውን ፋይል ከመላኩ በፊት አዋጁን ከሕግ አማካሪው ጋር ሊመለከት ይገባዋል።

ስለዚህ የትእዛዝ መስመርን አገልግሎት ለመጀመር የሚፈልግ ድርጅት አስቀድሞ አራት ነገሮችን ያሰናዳ፤ የሥራ ኃይሉ በራሱ የሚቆምበትን ጊዜ፥ አንድ ጥያቄ የሚሠራበትን ከፍተኛ ገደብ፥ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የሥራ ድርሻ፥ እንዲሁም የቁልፎቹን ዝርዝርና የሚለወጡበትን ቀን። እነዚህ በአንድ ገጽ ተጽፈው በሥራ አስኪያጁ ከተፈረሙ በኋላ ፕሮግራሙን በኮምፒዩተር ላይ ማስገባት የአንድ ቀን ሥራ አይሆንም።